ጓደኛ የማያስቀር ወይን ጠጅ

የዛሬው ወጋችን ስለ ወይን ጠጅ ነው። «ኑሮው ጣራ በነካበት በዚህ ጊዜ ስለ ወይን ጠጅ?» ብላችሁ እንደምትቆጡን ይገባናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ! እኛም ወሬውን ያነሳነው ኑሮው ጣራ ስለነካ ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ወይን ለመምረጥ አይጨነቅም፤ ውዱን አንስቶ ይሄዳል። መምረጥ የሚያስፈልገው እንደ እኛ ደመወዙን በቀን ከፋፍሎ ለሚኖር ሰው ነው። (ዕድሜያችሁ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ከዚሁ ተመለሱ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንነግራችኋለን።)

እኛ ማለት አምስት የቡሹሎ ልጆች ነን። ቡሹሎ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጤና ጣቢያው ነው፤ እናቶች ለወሊድ፣ ሕፃናት ለሕክምና የሚመጡበት። ከመካከላችንም እዚያው የተወለድን አለን። ከአምስታችን ሁለታችን ጋዜጠኝነት ተምረናል፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ታስተምራለች፣ አምስተኛዋ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተራ በተራ እየተጠራራን አንዳችን ግቢ እንሰበሰባለን። ከሐይቁ በኩል ነፋሱ መጣ መጣ ሲል ወንበር አውጥተን፣ ዓሣ ጠብሰን፣ ሳምንቱን እናማዋለን። ወጪው በመዋጮ ነው። ሕጉም ቀላል ነው፦ ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ማንም አይጋበዝም፣ ማንም አይታዘንለትም።

መጀመሪያ ቢራ ነበር የምንጠጣው። ከዚያ ባንከኛችን ለሥልጠና አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ይዞልን መጣ፤ ከውጭ የገባ። አቤት ያን ቀን! ብርጭቆውን በእግሩ ይዘን ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቢራ «የሰፈር» ሆነ። መዋጮውም ጨመረ፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ጨመረ። ማንም «በዛ» አላለም። በእኛ ዕድሜ «በዛ» ማለት «የለኝም» ማለት ነው፤ «የለኝም» ማለት ደግሞ… ታውቁታላችሁ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ የአንዳችንን ልደት ምክንያት አድርገን፣ መሃል ከተማ ካለ ሱቅ መስኮት ላይ የቆመ ጠርሙስ መረጥን። ፀሐዩ እያበራበት እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! «ይሄ የቆየ ነው፤ ወይን ደግሞ ሲቆይ ነው!» አሉን ባለሱቁ። «እሺ ጋሼ» ብለን ከፈልን። ማታ ከፈትነው። ቀዳን። ቀመስን። ዝም አልን። ከዚያ አንዳችን «ዋው» አልን። ሌሎቻችንም ተከተልን፤ «ዋው፣ ይለያል!»

አምስተኛዋ ጓደኛችን ብርጭቆዋን አሸተተችና «ልጆች፣ አቼቶ አቼቶ አይልም?» አለች።

ሳቅንባት። አንዳችን «ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ» አልናት። (ማን እንዳለ እናውቃለን፤ ግን ሁላችንም ስለሳቅን ስም መጥራቱ ምን ያደርጋል?)

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሷን አሟት ቀረች። በሚቀጥለው የሌሊት ፈረቃ ነበራት። ቀጥሎ እንግዳ መጣባት። እኛ ደግሞ ምን አልን? «ተኮፈሰች» አልን! ከወር በኋላ ባጃጅ ውስጥ ተገናኘንና «ምን አድርገንሽ ነው?» ብለን ጠየቅናት። አልተቆጣችም። ረጋ ብላ እንዲህ አለች፦ «የእናንተ አንድ ቅዳሜ የእኔ የሳምንት ምሳ ነው። ያን ቀን ያዋጣሁት ተበድሬ ነው። እሱስ ይሁን። ግን የተበላሸ ጠጥቼ ጣፈጠኝ ማለት አቃተኝ።»

ከባጃጁ ወርደን እስከ ቤት አንዳችንም አልተናገርንም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ውጤት ነው። የተማርነው ሙያ «ሳታጣራ አትናገር» ይላል። እኛ ግን ሳናጣራ «ዋው» ብለናል። ስለዚህ ጠየቅን፣ አነበብን፣ ቀመስን። ያገኘነውን እነሆ።

ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል?

ይህች አባባል ብዙ ሰው አስከፍላለች። እውነት ነው፣ ለዓመታት እንዲቆዩ ታስበው የሚሠሩ ወይኖች አሉ። እነሱ ግን ጥቂት ናቸው፤ ዋጋቸውም ለእኛ አይደለም፤ አቀማመጣቸውም ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ነው። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን ጠጅ ግን ገና ትኩስ እያለ፣ በአንድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በተለይ ርካሽ ነጭ ወይን ሲቆይ ይደክማል እንጂ አይከብርም።

የወይን ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር። መስኮት ላይ የቆመ ጠርሙስ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቀጥታ ያገኛቸዋል። ቆሞ ብዙ ከከረመ ደግሞ ቡሹ ይደርቅና ሦስተኛውን ያስገባል። ያኔ ጓደኛችን ያለችው አቼቶ ይመጣል። የእኛ ጠርሙስ ሦስቱንም አግኝቷቸው ነበር!

ስለዚህ አንደኛው ትምህርት፦ ከመስኮት አትግዙ። ከኋላ፣ ከጥላው፣ ብዙ ከሚሸጥበት ሱቅ ግዙ። ብዙ የሚሸጥ ሱቅ ዕቃው አይከርምበትም። ጠርሙሱ ላይ የምርት ዓመት ከተጻፈ ተመልከቱት። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም አንገቱ ላይ ያፈሰሰ ምልክት ካለ መልሱት። ከፍታችሁት ደግሞ አቼቶ ወይም እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ወይኑ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እናንተ ስላልገባችሁ አይደለም። ሆቴል ውስጥ ከሆናችሁ በትሕትና አስመልሱት። መብታችሁ ነው።

ይገርማል እኮ! ጠጅ ቤት ገብተን ብርሌውን አንዴ ሳብ ስናደርግ «ይሄ ገና ብርዝ ነው»፣ «ስኳር በዝቶበታል»፣ «ጌሾው መረረ» ለማለት አናፍርም። ለጠጁ ምላሳችንን እናምናለን። «ወይን» የሚል ቃል ከፊቱ ሲጨመርበት ምላሳችንን ምን ነካው?

ከምንከፍለው ውስጥ የሚጠጣው የቱ ነው?

ከውጭ የሚገባ ወይን ዋጋው የናረው ጣዕሙ ስለጨመረ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከከለከላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጦች ነበሩበት። ክልከላው ሲነሳ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀን፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆነና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አሁን መደርደሪያው ላይ ያለው የውጭ ጠርሙስ ዶላሩን፣ መርከቡን፣ የጅቡቲን መንገድ፣ ቀረጡንና የአስመጪውን ትርፍ ተሸክሞ ነው የቆመው። ከእነዚህ ውስጥ ምላስ ላይ የሚደርስ አንድም የለም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ወይኑ መንገዳችን ላይ ነው! ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሻሸመኔን አልፋችሁ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዛችሁ ባቱ (ዝዋይ) ትደርሳላችሁ። የፈረንሳዩ ካስቴል ወይን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ያወጣው እዚያ ነው። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት የወይን ዘሮች፣ በውጭ ጠርሙስ ላይ ስናነባቸው የሚያስደነግጡን ስሞች፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የእኛው ሐይቅ ጎረቤት ከሆነ ሐይቅ አጠገብ ይበቅላሉ። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚሉት ስሞች ከዚያ የወጡ ናቸው። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ዓሣ በልተን እናልፋለን፤ ሐዋሳ ስንደርስ ግን ባሕር አቋርጦ የመጣ ጠርሙስ እንጠይቃለን።

አዋሽ ወይን ጠጅ ደግሞ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ አለ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ወደ ግል ሲዞር ከገዢዎቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የሚመራው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። አዎ፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ዘፋኞችን ሰብስቦ ገንዘብ ያሰባሰበው ራሱ ጌልዶፍ። ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ ክሪስታል የሚሉትን ስሞች በየሠርጉና በየምርቃቱ አይታችኋል። «የአባቶቻችን ወይን» ብለን የናቅናቸው ስሞች ናቸው። አባቶቻችን ግን ቢያንስ የሚጠጡትን ያውቁ ነበር።

«የአገር ውስጡ ሁሉ ጥሩ ነው፣ የውጭው ሁሉ መጥፎ ነው» እያልን አይደለም። እንዲህ ብንል ያው ሌላ ዓይነት «ዋው» ይሆንብናል። የምንለው፦ ለበዓል አይደለም፣ ለአዘቦት ቅዳሜ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቅርብ ካለው ጀምሩ።

ደረቅ ወይስ ጣፋጭ?

አስተናጋጁ «ቀይ ይሁን ነጭ?» ይላል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ድራይ ይሁን ስዊት?» ነው። ብዙዎቻችን ወይን አልወድም የምንለው የመጀመሪያ ቀን ድራይ ሰጥተውን ስለደነገጥን ነው። ድራይ ማለት የወይኑ ስኳር ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀበት ነው፤ አፍን ይሰበስባል። ጣፋጭ የሆነው ስኳር ቀርቶበታል። ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፣ አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ ነው። አካሺያ ውስጥ መካከለኛ ጣፋጩን ታገኛላችሁ። ጣፋጭ መውደድ ነውር አይደለም! «ስዊት የጀማሪ ነው» የሚላችሁ ካለ ጠጅ በምን እንደሚሠራ ጠይቁት።

ከምግብ ጋር ደግሞ እኛ የሞከርነው ይህን ይመስላል። ከሐይቁ ለወጣ የተጠበሰ ዓሣ የቀዘቀዘ ደረቅ ነጭ። ለጥብስና ለክትፎ ደረቅ ቀይ፤ ሥጋውና ቅቤው የወይኑን መኮምተር ያለዝቡታል። በርበሬ ለበዛበት ወጥ መካከለኛ ጣፋጭ፤ ምክንያቱም ደረቅና አልኮሉ ከበድ ያለ ቀይ በርበሬውን ይበልጥ ያቃጥለዋል፣ ጣፋጩ ግን ያበርደዋል። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ያለው ደንብ ለፈተና ካልሆነ ለቅዳሜ አያስፈልግም።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለውንም እንተወው። ክፍሉ የተባለው የአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ነው። ለቀይ ወይን የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሐዋሳ ከሰዓት ግን ከዚያ በጣም ይሞቃል። ቀዩን ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ነጩን ሁለት ሦስት ሰዓት። (መብራት ከሄደ በረዶ ያለበት ባልዲም ይሠራል፤ እኛ ሞክረነዋል።) ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ ላይ የሚወጣው። ርካሹን ወይን ርካሽ የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ነው።

የመዋጮ ሒሳብ

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ደህና ብርጭቆ ይወጣዋል። አምስት ሰው፣ አምስት ብርጭቆ። የጠርሙሱን ዋጋ ለአምስት አካፍሉና «ለዚህች ብርጭቆ ይህን ያህል ብር እየከፈልኩ ነው» በሉ። ዋጋው ሲከፋፈል እውነቱ ይታያል። ያው ጠርሙስ ሆቴል ውስጥ ስንት እንደሚሆን አወዳድሩ፤ ልዩነቱ የወንበሩ፣ የሙዚቃውና የመታየቱ ዋጋ ነው። መታየት ለሚፈልግ መልካም፤ መጠጣት ለሚፈልግ ግን ግቢ አለ። የተረፈውንም አትድፉት፤ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈም ሥጋ ይዘፈዘፍበታል።

ዋናው ሒሳብ ግን ይህ ነው፦ መዋጮው የሚወሰነው በባንከኛው ኪስ ሳይሆን ከሁላችን ዝቅተኛ ደመወዝ ባላት ልጅ ኪስ ነው። እሷ ሳትበደር የምታዋጣው ስንት ነው? የዚያ ዋጋ ምርጡ ጠርሙስ የቱ ነው? እኛ ለዓመት ተገላቢጦሹን ስንሠራ ቆይተን ነው ጓደኛ ያስቀረነው።

በጋዜጣ የተጠቀለለው ወይን

በባጃጁ ቀን ማግስት ይቅርታ ጠየቅናት። እሷም በአንድ ነገር ብቻ እመጣለሁ አለች፦ «ስሙን ሳናይ እንጠጣ።» መምህርቷ ሁለት ቀይ ጠርሙሶች በጋዜጣ ጠቀለለች። አንዱ ላይ «ሀ»፣ አንዱ ላይ «ለ» ጻፈች። አንዱ የአገር ውስጥ ደረቅ ቀይ ነው። ሌላው ከውጭ የገባ፣ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ (ለመጨረሻ ጊዜ ተብሎ ባንከኛው ከቤቱ ያመጣው)። ሁለቱንም እኩል አቀዘቀዝናቸው፤ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀዳን።

ሦስታችን «ሀ» አልን። ባንከኛው «ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። እሷ ብቻ «ለ» አለች። ጋዜጣው ሲቀደድ «ሀ» የአገር ውስጡ ሆነ፣ «ለ» ውዱ።

ከት ብላ ሳቀች። «ምላሴ ሀብታም ነው፣ ኪሴ ግን ሀ ነው!» አለችን። ያን ቀን የገባን ነገር ቢኖር፣ ከመካከላችን ወይን የሚገባት እሷ ብቻ ነበረች። እኛ «ትለምጂዋለሽ» ያልናት ልጅ! ባንከኛውም በዚያው ሞቅታ ኑዛዜ ገባ፦ ቤቱ ብቻውን ሲሆን ጉደር በኮካ ቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፤ ለካስ ስለወይን ያስተማረንን ሁሉ ሲናገር ራሱም አያምነውም ነበር። አሁን በግልጽ ቀላቅሎ ይጠጣል። ማንም አይስቅበትም። (እሺ፣ ትንሽ እንስቃለን።)

አንድ ምሽት ምንም አያረጋግጥም፤ እናውቃለን። እናንተ ብትሞክሩት ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ሞክሩት። ጋዜጣ እንደሆነ ርካሽ ነው።

የመጨረሻው ቁም ነገር

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። እኛ አዋጁን እንደግፈዋለን። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ማስታወቂያው ከቴሌቪዥን ወጥቶ እኛ አፍ ላይ ገብቷል። ፎቶው፣ «ዋው»ው፣ «ቢራ እኮ የሰፈር ነው» የሚለው ንግግር… ይህን ሁሉ ማን ከፈለን? ከኪሳችን አውጥተን፣ ለማናውቀው ነጋዴ፣ በጓደኛችን ላይ ነው ማስታወቂያ የሠራነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ተናግሯል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ይበቃናል፤ የሚነዳ አይጠጣም፤ ያረገዘች አትጠጣም፤ የማይጠጣም «ለምን?» አይባልም። ውኃ ይዞ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ መዋጮውም የዓሣው ብቻ ይሆናል። ይህችን አንቀጽ በቅርቡ ነው ሕጋችን ላይ የጨመርናት።

«ጥሩና ርካሽ ወይን የቱ ነው?» ብላችሁ ስም እንድንጠራላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። ስሙ እንደ ምላሳችሁ ይለያያል። መለኪያችን ግን አንድ ነው፦ ጠርሙሱ ሲከፈት ወንበሮቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው? አንዷ «አቼቶ ይላል» ብትል የሚሰማት አለ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተረኛዋ እሷ ናት። መዋጮውን የወሰነችው እሷ፣ ጠርሙሱን የምትመርጠው እሷ። እኛ ዓሣውን እንጠብሳለን።

ቸር እንሰንብት!